በብቅል ኤክስትራክት የሚጠመቅ የቤት ቢራ፦ ሁልጊዜ የሚጠቁረውና ስኳር ስኳር የሚለው ለምንድን ነው?

ዘገብስ (አርሊንግተን፣ ቨርጂንያ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቤቴ ቢራ የምጠምቀው ከተዘጋጀ የብቅል ኤክስትራክት (በፋብሪካ ከወፈረ የብቅል ጭማቂ) ነው፤ ከእህሉ ለመነሣት የሚያስችል ቦታም ጊዜም የለኝም። የሚወጣው ቢራ የሚጠጣ ነው፤ እንግዳም ፊቱን ሳያጨማድድ ብርጭቆውን ይጨርሳል። ይሁን እንጂ አዘገጃጀቱ «ፈዛዛ ኤል» (ቀለሙ የፈዘዘ የቢራ ዓይነት) ቢልም ቢራው ሁልጊዜ የመዳብ ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ ስኳር ስኳር የሚል ጣዕም ይተዋል፤ አንዳንዱ ጠመቃ ደግሞ የቁስል ፕላስተር የሚመስል ሽታ አለው። በተጨማሪም ሲጠጣ ጉሮሮን የሚያሞቅ ነገር አለው፤ የአልኮል መጠኑ ግን ይህን ያህል ከፍተኛ አይደለም።

አሠራሬ እንደሚከተለው ነው። 8 ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ እሳት ላይ ጥጄ ሲፈላ 3 ኪሎ ፈሳሽ ኤክስትራክት በአንድ ጊዜ እጨምራለሁ፤ ከዚያ ሆፑን (ቢራን የሚያመርረውን አበባ) አስገብቼ ለ60 ደቂቃ አፈላለሁ። ድስቱን በረዶ ውስጥ አቀዘቅዝና ባልዲ ውስጥ ገልብጬ እስከ 19 ሊትር ድረስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ እሞላበታለሁ። እርሾው ከኤክስትራክቱ ቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚመጣው ትንሽ ፓኬት ነው። ባልዲው 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ሳምንት ከቆየ በኋላ ወደ ጠርሙስ እገለብጠዋለሁ። የመነሻው እፍጋት (ውሃ 1.000 ሲባል የፈሳሹ ክብደት) አንዴ 1.036፣ ሌላ ጊዜ 1.060 ያሳየኛል፤ በመጨረሻም በሪፍራክቶሜትር (ስኳርን በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ስለካ 6 ብሪክስ (የስኳር መጠን መለኪያ) ላይ ይቆማል። ሠንጠረዡ ይህ 1.024 ነው ስለሚል እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የቆመ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ኤክስትራክቱን ትቼ ወደ እህል መሻገር አለብኝ ወይስ በዚሁ አሠራር የሚስተካከል ነገር አለ?

ዘመነ ብቅል (ዴንቨር)

እኔ የምመክርዎ ወደ እህሉ እንዲሻገሩ ነው። አንድ ትልቅ ድስትና አንድ የጨርቅ ከረጢት ካለዎት የተፈጨውን ብቅል ከረጢቱ ውስጥ አድርገው በ66 ዲግሪ ውሃ ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ከረጢቱን አንሥቶ ማንጠፍጠፍ ብቻ ነው። ቀለሙንም፣ ድርቀቱንም (ጣፋጭነቱ የሚያንስበትን መጠን)፣ የስኳሩን ዓይነትም የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ። በኤክስትራክት ግን ሌላ ሰው የወሰነውን ነው የሚጠምቁት፤ የሚያማርሩበት የመጨረሻ ጣዕምም ብዙዎቻችን የምናውቀው የኤክስትራክት ጣዕም ነው።

የጋን ጠባቂ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድማችን ዘመነ ብቅል ያሉት እህሉን ለሚወድ ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አይመስለኝም። ኤክስትራክት ማለት ፋብሪካው ብቅሉን ፈጭቶ፣ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ስታርቹ በብቅሉ ኢንዛይሞች ወደ ስኳር እንዲለወጥ አድርጎ፣ ያጠለለውን ዎርት (ገና ያልተብላላውን ጣፋጭ የብቅል ውሃ) ውሃውን በቫኪዩም አትንኖ ያወፈረው ነው። ከጠማቂው ሥራ የተሠራልዎት ያ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ውሃው፣ የሆፑ አጠቃቀም፣ እርሾው፣ የመብላላቱ ሙቀትና ጠርሙሱ አሁንም በእርስዎ እጅ ናቸው፤ የዘረዘሯቸው ጉድለቶች ሁሉ የሚመጡትም ከእነዚህ ነው። እህል ላይ ቢሻገሩ እነዚሁኑ ይዘው ይሻገራሉ።

ከቀለሙ ልጀምር። 3 ኪሎ ኤክስትራክት በ8 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ የድስቱ እፍጋት ወደ 1.090 ይጠጋል። እንዲህ የወፈረ ዎርት ለአንድ ሰዓት ሲንተከተክ ስኳሩና አሚኖ አሲዱ እርስ በርስ እየተዋሃዱ ያጠቁሩታል፤ ከድስቱ ሥር የተቀመጠው ክፍልም እንዳያርር ያሰጋል። ሆፑም በዚህ ይጎዳል። የሆፑ አልፋ አሲድ ወደ መራራነት የሚለወጠው ሲፈላ ነው፤ ዎርቱ በወፈረ መጠን ግን የሚገኘው ምሬት ይቀንሳል። የሆፕን ምሬት ለማስላት በሚያገለግለው በቲንሴት ቀመር ቢሰላ፣ በ1.090 ገደማ ከሚፈላ ድስት የሚገኘው ምሬት ያው ሆፕ በ1.047 ቢፈላ ከሚሰጠው 68 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ስኳር ስኳር አለኝ ያሉት ቢራ ስኳሩ የበዛበት ሳይሆን ምሬቱ ያነሰው ሊሆን ይችላል፤ ምላስ ሁለቱን የሚመዝነው አንዱን ከሌላው ጋር እያነጻጸረ ነውና።

መድኃኒቱ ኤክስትራክቱን ከፍሎ ማስገባት ነው። አንድ ኪሎ ያህሉን ብቻ መጀመሪያ ላይ ይጨምሩና ሆፑን በዚያ ያፍሉ፤ የቀረውን ሁለት ኪሎ እሳቱ ሊጠፋ 10 ደቂቃ ሲቀረው ያስገቡ። ሲያስገቡ ድስቱን ከእሳቱ ያውርዱት፤ ወፍራሙ ኤክስትራክት ሥር ላይ ዘቅጦ እንዳይቀር እስኪሟሟ ድረስ ያማስሉት፤ ከዚያ ይመልሱት። ቆርቆሮውን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ለመገልበጥ ያቀላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በዚህ አሠራር ምሬቱ ስለሚጨምር የአዘገጃጀቱን የሆፕ መጠን እንደ ቀድሞው አድርገው ከጨመሩ ከለመዱት በላይ መራራ ይሆንብዎታል። መጠኑን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

ሽታውን በተመለከተ ያሉበት ከተማ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ዋሽንግተን ዲሲም አርሊንግተንም ውሃቸውን የሚያገኙት ከዋሽንግተን አኩዌደክት ነው፤ ይህ ውሃ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በክሎራሚን የሚታከም ሲሆን በጸደይ ወራት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይለወጣል። ክሎሪን ሲፈላ ይለቃል፤ ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይለቅም። ከብቅል፣ ከሆፕና ከእርሾ ከሚመጡት ፊኖሎች ጋር ሲገናኙ ክሎሮፊኖል ይፈጠራል፤ ይህም እጅግ ጥቂት ቢሆን እንኳ አፍንጫ የሚለየው ያ የፕላስተር ሽታ ነው። እርስዎ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆነውን ውሃ ሳያፈሉ ነው የሚጨምሩት። አንድ የካምፕደን ክኒን፣ ማለትም ሜታባይሰልፋይት፣ ለ76 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ስለዚህ ለ19 ሊትር ሩብ ክኒን ፈጭቶ ማማሰልና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ በቂ ነው። ጸድቶ የሚሸጥ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ውሃ ብትጠቀሙም ያው ነው፤ ፋብሪካው ከተጠቀመበት ውሃ የመጣው ማዕድን ኤክስትራክቱ ውስጥ ስላለ ሌላ ጨው መጨመር አያስፈልግም።

ስለ ቆርቆሮው አንድ ነገር ልጠይቅ። መቼ ነው የታሸገው?

ላቦራቶሪ (አዲስ አበባ)

በአንድ ቢራ ፋብሪካ የጥራት ክፍል እሠራለሁ፤ በቤቴ ደግሞ ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ሲያመጣልኝ በዱቄት ኤክስትራክት እጠምቃለሁ። (የጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ሁለት ኪሎ የማይታወቅ ፈዛዛ ዱቄት ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።)

ጠያቂያችን በመለኪያው ላይ ስለተመሠረተው ድምዳሜ ቢያስቡበት መልካም ነው። ሪፍራክቶሜትር የሚለካው ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ የሚታጠፍበትን መጠን ነው። ዎርቱ ሳይብላላ በፊት የሚያጥፈው ስኳሩ ስለሆነ ንባቡ ይታመናል። ከተብላላ በኋላ ግን አልኮል አለ፤ አልኮል እፍጋትን እየቀነሰ ብርሃኑን ግን ከውሃ ይልቅ አብልጦ ያጥፋል። በዚህ ምክንያት መሣሪያው ከእውነቱ በላይ ያነባል። ከ1.047 ተነሥቶ 6 ብሪክስ ያነበበ ቢራ፣ የአልኮሉ ማረሚያ ሲሰላበት፣ እውነተኛ የመጨረሻ እፍጋቱ 1.012 ገደማ ነው። እርሾው አልቆመም፤ እንደሚጠበቅበት የስኳሩን ሦስት አራተኛ ያህል በልቶ ጨርሷል። የአልኮሉ መጠንም 4.6 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ማረሚያውን የሚያሰሉ ነጻ ገጾች አሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን መጨረሻውን በሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ እፍጋትን በሚለካ መሣሪያ) መለካት ነው፤ ናሙናውን መሣሪያው ላይ ወደተጻፈው ሙቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ፣ አድርሰው ይለኩ።

የመነሻው ንባብ አንዴ 1.036 አንዴ 1.060 የሚሆነውም በሌላ ምክንያት ነው። ወፍራሙ ዎርት ሥር ይተኛል፤ የተጨመረው ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል። ናሙናው ከላይ ከተቀዳ ያንሳል፤ በቧንቧው ከሥር ከተቀዳ ይበዛል። እርሾው በመንቀሳቀሱ በሰዓታት ውስጥ ራሱ ያደባልቀዋልና ለቢራው ጉዳት የለውም። በኤክስትራክት የሚሠራ ሰው የመነሻውን እፍጋት ለማወቅ መለካት እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ አንድ ኪሎ ፈሳሽ ኤክስትራክት በአንድ ሊትር ላይ 300 ነጥብ ያህል ይሰጣል (አንድ ነጥብ የእፍጋት 0.001 ነው)፣ ዱቄቱ ደግሞ 370 ገደማ። 3 ኪሎ በ300 ተባዝቶ ለ19 ሊትር ሲካፈል 47 ይመጣል፤ ይህም 1.047 ማለት ነው። ክብደቱና የውሃው መጠን ልክ ከሆኑ ከዚህ አይወጣም።

እርሾውን በተመለከተ፣ ለኤል ቢራ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፕላቶ (እንደ ብሪክስ ያለ የስኳር መለኪያ) 0.75 ሚሊዮን ሴል ነው። 1.047 ከ11.7 ፕላቶ ጋር ስለሚስተካከል ለ19 ሊትር 167 ቢሊዮን ሴል ገደማ ያስፈልጋል። ከክዳን ሥር የሚመጣው ፓኬት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ግራም ብቻ ነው፤ በመጋዘን ሙቀት ስንት ወር እንደቆየም አይታወቅም። በማቀዝቀዣ የተቀመጠና ቀኑ ያላለፈበት የ11.5 ግራም ደረቅ እርሾ ይግዙ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል። በዚህ እፍጋት ላይ በቀጥታ ዎርቱ ላይ መበተን ይቻላል።

ከእኔ በኩል አንድ የአካባቢ ማስታወሻ ላክል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአልፋ አሲዱ ለውጥ በሙቀት ስለሚመራ እዚህ በግልጽ ይዘገያል። በባሕር ጠለል ደረጃ የተጻፈ አዘገጃጀት በከፍተኛ ቦታ ላይ ያለሰልሳል፤ ስለዚህ የመራራውን ሆፕ መጨመር ግድ ይሆናል። የዴንቨሩ ወንድማችንም በመጠኑ ይህ የሚደርስባቸው ይመስለኛል።

ዘገብስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመለኪያው ነገር አስደንቆኛል፤ ያልቆመን እርሾ ለማስነሣት ስታገል ነበር ማለት ነው። ቆርቆሮውን አገላብጬ አየሁት፤ የታሸገበት ቀን አልተጻፈም፤ «ከዚህ በፊት ቢጠቀሙበት ይመረጣል» የሚለው ቀን ግን ሊደርስ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውታል። የገዛሁት በቅናሽ ዋጋ ነው። አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ጉሮሮን የሚያሞቀው ከምን የመጣ ነው?

ድፍድፍ (ሲያትል)

እኔ ቢራ ጠማቂ ሳልሆን ጠላ ጠማቂ ነኝ፤ ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልሁ ነው። እናቶቻችን በጋን ሲጠነስሱ ሙቀት የሚለካ አልነበረም፤ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ጌሾው ይገባል፣ አሻሮውና ብቅሉ ይከተላሉ፣ ከዚያ መታገሥ ነው። ለምንድን ነው ለቢራው የዲግሪው ጉዳይ ይህን ያህል የሚጠበቀው? በዚያው ላይ ልጠይቅ፤ በሆፕ ፈንታ ጌሾ ብጨምርበት፣ ያንን የጢስ መዓዛም ባገኝበት ደስ ይለኛል። ይቻላል?

የጋን ጠባቂ

ሁለቱንም ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ፤ የሚገናኙ ናቸውና።

የጉሮሮው ሙቀት የሚመጣው ከመብላላቱ ሙቀት ነው። ቁም ሣጥኑ 24 ዲግሪ ነው ብለዋል፤ እርሾ ስኳር ሲበላ ግን ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ባልዲው ከክፍሉ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ እርሾው የሚኖረው ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ነው። በዚህ ሙቀት እርሾው በፍጥነት ሲባዛ ፊውዝል የሚባሉትን ከባድ አልኮሎችና የቀለም ማቅጠኛ የሚሸቱ ኤስተሮችን አብዝቶ ይለቅቃል። የእርሾው ቁጥር ማነሱም ይህንኑ ያባብሳል፤ ላቦራቶሪ ያሉት ለዚህም ጭምር ይጠቅማል። ከኤስተሮቹ ከሚመጣው የፍራፍሬ መዓዛ ከፊሉ በጊዜ ይለዝባል፤ ከባዱ አልኮል ግን ጠርሙስ ውስጥ ቢያስቀምጡት አይጠፋም።

በእኔ አስተያየት አንድ ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም በአንድ ነገር ላይ ብቻ የሚያውል ከሆነ በዚህ ላይ ያውለው። ልዩ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ባልዲውን ሰፊ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ዎርቱ ከደረሰበት ከፍታ ግማሽ ድረስ ውሃ ይሙሉበት፤ አሮጌ ካናቴራ አልብሰውት ጫፉ ውሃው ውስጥ እንዲገባ ያድርጉ፤ ጠዋትና ማታ አንድ ሁለት በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶች ይጨምሩ። ጨርቁ ውሃ እየሳበ ሲተን ያቀዘቅዛል። ተለጣፊ ቴርሞሜትር በባልዲው ጎን ላይ፣ ከዎርቱ መስመር በታች ይለጥፉ፤ የክፍሉን ሙቀት መለካት ምንም አይነግርዎትም። እርሾውን የሚበትኑት ዎርቱ ወደ 18 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ነው፤ «ሌሊቱን ይቀዘቅዛል» ብሎ በ26 ዲግሪ መበተን የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ማበላሸት ነው፤ ጣዕሙም በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚያ ሰዓታትና በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ነው። እስከ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያቆዩት፤ አረፋው መውረድ ሲጀምር በረዶውን ትተው ወደ 21 እንዲወጣ ይፍቀዱለት፤ እርሾው የቀረውን ስኳር፣ አስቀድሞ የለቀቃቸውንም አንዳንድ መጥፎ ጣዕሞች፣ በዚህ ጊዜ ያጸዳል። ሳምንት ሞላ ተብሎ ወደ ጠርሙስ አይገለበጥም፤ በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ንባቦች እኩል ሲሆኑ ነው የሚገለበጠው።

እኅታችን ድፍድፍ፣ ለጠላ ዲግሪው የማይለካበት ምክንያት ያለው ይመስለኛል። በጋን ውስጥ እርሾው ብቻውን አይሠራም፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም አብረውት አሉ፤ ትንሽ መኮምጠጡ፣ ጢሱና የጌሾው ምሬት የጠላው ባሕርይ ስለሆኑ ከእርሾው የሚመጣ ትንሽ ግድፈት በመካከላቸው አይታይም። ደጋው ራሱ ቀዝቃዛ መሆኑም ሳይታሰብ ያግዛል። ፈዛዛ ኤል ግን ምንም የሚሸፍነው ነገር የለም። ጌሾን በሆፕ ፈንታ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም የሆፕ መራራ አሲዶች ላክቲክ ባክቴሪያን የሚያግዱ ስለሆኑ ሆፕ የሌለበት ቢራ የዕቃ ንጽሕናው የበለጠ ጥብቅ መሆን አለበት። ጥቂት ጌሾ በትንሽ ውሃ አፍልተው ያጥልሉና ያንን መራራ ውሃ በብርጭቆ ላይ በጠብታ እየቀመሱ መጠኑን ይወስኑ፤ ሙሉውን ባልዲ በግምት ማምረር አያዋጣም። ስለ ጢሱ የዴንቨሩ ወንድማችን ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ዘመነ ብቅል

ላቦራቶሪ ስለ ከፍታው ያሉት ልክ ነው፤ እዚህ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሆፕ እጨምራለሁ።

እህልን የምመርጥ ብሆንም የውሃውና የሙቀቱ ምክር ትክክል ስለሆነ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ፈሳሽ ኤክስትራክት በቆርቆሮው ውስጥ ሳለም እንደሚጠቁር መዘንጋት የለበትም። አምስተኛው እጅ ያህል ውሃ ስላለበት ድስቱ ላይ የሚሆነው ለውጥ በመደርደሪያ ላይም በዝግታ ይቀጥላል፤ ሞቃት መጋዘን ውስጥ ደግሞ ይፈጥናል። ያ «የኤክስትራክት ጣዕም» የምንለው በአብዛኛው የእርጅና ጣዕም ነው። ጠያቂያችን በቅናሽ የገዙትን ቆርቆሮ ለጥቁር ቢራ ያውሉት፤ ለፈዛዛው ግን በጣም ፈዛዛ የተባለውን ዱቄት ይግዙ፤ ዱቄቱ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ከታሸገ ለረጅም ጊዜ አይለወጥም። በ3 ኪሎ ፈሳሽ ፈንታ 2.4 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። በእንፋሎት ላይ አይዝሩት፤ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል።

ስለ ጢሱ፣ በጀርመን ባምበርግ ከተማ በቢች እንጨት ጢስ የደረቀ ብቅል ይሠራል፤ የጀርመኖቹ ራውክቢር (የጢስ ቢራ) የሚጠመቀው ከዚህ ነው። ነገር ግን ይህ እንደ ክሪስታል ብቅል ነክሮ ማውጣት ብቻ የሚበቃው አይደለም። ክሪስታል ብቅል ስታርቹ በፋብሪካ ውስጥ ወደ ስኳር ስለተለወጠ በ65 እና በ70 ዲግሪ መካከል ለ30 ደቂቃ ነክረው ቀለሙንና ጣዕሙን ያወጣሉ። የታጠነው ብቅል ግን ስታርቹ ገና ነው። አንድ ኪሎውን በ3 ሊትር ውሃ፣ በ66 ዲግሪ፣ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉትና አጥልለው ከኤክስትራክቱ ጋር ያዋህዱት። ኢንዛይሙ ራሱ ብቅሉ ውስጥ አለ፤ ጠላ የጠነሰሰ ሰው ይህን ሥራ በእጁ ያውቀዋል።

ዘገብስ

አዲሱ ጠመቃ ተቀድቶ ተቀመሰ፤ ውጤቱን ለማሳወቅ ተመልሻለሁ። ዱቄት ገዛሁ፤ አብዛኛውን መጨረሻ ላይ ጨመርሁ፤ ውሃውን በካምፕደን አከምሁ፤ በ18 ዲግሪ 11.5 ግራም እርሾ በትኜ ባልዲውን ገንዳ ውስጥ አስቀመጥሁ። ቀለሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርቅማ ሆነ፤ የፕላስተሩ ሽታ የለም፤ ጉሮሮም አያሞቅም። የስኳሩ ስሜት በጣም ቀንሷል፤ ከናካቴው ጠፋ ለማለት ግን አልደፍርም። ሃይድሮሜትሩ 1.013 ላይ ቆሟል።

የቀረኝ የጋዙ ጉዳይ ነው። አንዱ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው ይገነፍላል፤ ከዚያው ጠመቃ የተቀዳው ሌላው ደግሞ እንደ ውሃ ዝም ይላል። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ በሻይ ማንኪያ ስኳር እያደረግሁ ነው የምሞላው።

ላቦራቶሪ

በስኳሩ ልጀምር። በሚቀጥለው ጠመቃ ከኤክስትራክቱ 200 ግራም ያህል ቀንሰው በምትኩ ተራ ስኳር ይጨምሩ። ኤክስትራክት እርሾ የማይበላቸው ስኳሮችን ስለሚይዝና መጠናቸውን የወሰነው ፋብሪካው ስለሆነ፣ ቢራውን ለማድረቅ በኤክስትራክት ጠማቂ እጅ ያለው መንገድ ይህ ነው፤ ተራ ስኳር ሙሉ በሙሉ ይበላል። ከአሥር በመቶ ካላለፈ ጣዕሙ አይሳሳም።

ጋዙ የተለያየው ስኳሩ ስለተለያየ ነው። የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ሲከመር ሌላው ሲጎድል በአንድ ጠርሙስ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የበዛበት ጠርሙስም ሊፈነዳ ይችላል። ስኳሩን በሚዛን ይመዝኑ፤ ለአንድ ሊትር 6 ግራም ለእንዲህ ያለ ቢራ ይበቃል። ሲያሰሉ 19 ሊትር ብለው አይነሡ፤ አተላው ባልዲው ሥር ስለሚቀር በእጅዎ የሚገባው ምናልባት 17.5 ሊትር ነው፤ ስለዚህ 105 ግራም። ይህን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አፍልተው፣ በሚገባ በጸዳ ሁለተኛ ባልዲ ውስጥ አስቀድመው ያፍስሱት፤ ከዚያ ቢራውን በቱቦ ይሳቡበት። የቱቦው ጫፍ ባልዲው ሥር ተጠጋግቶ በዙሪያው እንዲተኛ ያድርጉ፤ ፈሳሹ ራሱ እየዞረ ይደባለቃል። ከፍ አድርገው አይንቆርቁሩት፤ ከመብላላት በኋላ የገባ አየር ቢራውን በሳምንታት ውስጥ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያሲዘዋል፤ አየር የሚፈለገው እርሾው ከመበተኑ በፊት ብቻ ነው።

ቆርኪው ከተመታ በኋላ ጠርሙሶቹን ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አይውሰዷቸው። 21 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት ያቆዩአቸው፤ አንዱን አቀዝቅዘው ይክፈቱ፤ ጋዙ ካልደረሰ ለሌሎቹ አንድ ሳምንት ይጨምሩላቸው። አሁን በእጅዎ ያሉትን የሚገነፍሉትን ጠርሙሶች ግን ዛሬውኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡና አስቀድመው ይጠጧቸው።